ድምፁ ቀድሞ፣ ከንፈሩ ዘግይቶ

ባለፉት ሳምንታት ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆች ጉንፋን ስንጫወት ነበር። ዛሬ ሰርግ ቤት ልወስዳችሁ ነው። አትሳቁብኝ፤ ጉዳዩ የጆሮና የዓይን ጉዳይ ስለሆነ ከጤና አልወጣሁም። በዚያ ላይ እኔ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት አለበት።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ እዚሁ አሰላ የታላቅ እህቴ የልጅ ልጅ ተዳረች። ድንኳኑ ረጅም ነበር፤ ከመግቢያው እስከ ሙሽሮቹ ወንበር አርባ ሜትር ያህል ይሆናል። የአሰላን የጥር ምሽት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ብርዱ ከጭላሎ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። ስለዚህ አሮጊቶቹን ከነፋሱ ሸሸግ ብለን ከኋላ በኩል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ሙሽሮቹ አይታዩም እንዳይባል ደግሞ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ሦስት ካሜራ፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ ወጣት በጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ካሜራ እየመረጠ ወደ ስክሪኑ ይልካል። ዘንድሮ ሰርግ ማለት ይኸው ሆኗል፤ ሰዉ ሙሽራዋን ጥሎ ስክሪን ነው የሚያየው።

ወንድማችን ከሳጉሬ መጥቶ ነበር። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንለው። እናታችን ቶሎ ስላለፈች ጋሼንም እኔንም ያሳደገችን ታላቋ እህታችን እትዬ ናት። ጋሼ ከእንግዶቹ መካከል ተነሥቶ መረቀ። ምርቃቱ እንደ አገራችን ልማድ ነው፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ። ሰዉ «አሜን» ሲል እትዬ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተክላ ዝም ትላለች፤ ሰዉ ዝም ሲል እሷ «አሜን» ትላለች። ጆሮዋ ከከበደ ስለቆየ ጠጋ ብዬ ምነው አልኳት።

«አፉ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ ሆነብኝ» አለችኝ።

ነርስ ነኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ነጭ ልብስ ለብሻለሁ። ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው ጆሮም ስክሪንም አልነበረም፣ እርጅና ነበር። በማግስቱ ልጇን ጠርቼ «እናትሽን እናሳያት፣ መርሳት ሳይጀምራት አልቀረም» አልኳት። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። እትዬን ይዘን ሄደን ስትጠየቅ ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም አወቀች፤ የልጆቿን የልጅ ልጆች ስም በተርታ ቆጠረች፤ ሲያልቅ ደግሞ የእኔን የትውልድ ዓመት ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች። ጉዳዩ በዚህ አለፈ። ልጅቷ ግን እናቷን ከዚያ በኋላ እንደ ሕመምተኛ ታያት ጀመር፤ ገንዘብ ትደብቅባታለች፣ ምድጃ ትከለክላታለች። ይህንን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

በክረምቱ ጋሼ አረፈ። ድንገት ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሰርጉ ቪዲዮ በቤት ቴሌቪዥን ተከፈተ፤ የጋሼ ድምፅ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። እትዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ የምታየውን ለማየት አፉን ተመለከትኩ። «ይባርካችሁ» ሲል «ባ» የምትለዋ ፊደል ከንፈር ካልገጠመ አትወጣም። ድምፁ «ባ» ብሎ አልፎ ከንፈሩ ገና ክፍት ነው። የሚገጥመው ድምፁ «ካችሁ» ላይ ሲደርስ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። ሙሽሮቹ ሲታዩ ግን እንዲህ የለም፤ እነሱ ሲናገሩ አፋቸውና ድምፃቸው ይገጥማል። ጋሼ ሲመጣ ነው የሚፋታው።

በማግስቱ ያንን ወጣት አስፈለግሁት። ጎረምሳ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። ቡና እየጠጣን «ሲስተር፣ ጥፋቱ የካሜራ ቁጥር ሦስት ነው» አለኝ። እንዴት እንደሆነ ሲያስረዳኝ ከገባኝ ልንገራችሁ፤ ልጅ ለመዳር ካሜራ ለምትከራዩ ሁሉ ይጠቅማል።

የቪዲዮ ምስል እንደ ውሃ አይፈስም። ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፣ በእኛ አገር ቴሌቪዥን አሠራር በሰከንድ 25 ምስል። አንዱ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል ማለት ነው (ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ናት)። ሦስት ካሜራዎች በአንድ ላይ ሲሠሩ ሁሉም ምስላቸውን እኩል አይጀምሩም። አንዱ አጋምሶ ሌላው ይጀምራል። ሚክሰሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ምስሉ እንዳይቆራረጥና እንዳይዘል፣ እያንዳንዱን ምስል ተቀብሎ ሙሉ እስኪሆን ይዞ ነው የሚለቀው። እዚያ አንድ ምስል ይዘገያል፣ 40 ሚሊ ሰከንድ። የሙሽሮቹ ሁለት ካሜራዎች በገመድ የተያያዙ ስለነበሩ የዘገዩት ያችን ብቻ ነው። ሦስተኛው ካሜራ ግን በእንግዶች መካከል እንዲዘዋወር ገመድ አልባ ተደርጓል። ገመድ አልባው መላኪያ ምስሉን ጨምቆ፣ በአየር ልኮ፣ ተቀባዩ ደግሞ መልሶ ይዘረጋዋል፤ ሦስት ምስል ተጨማሪ ወሰደ። ጠቅላላው አራት ምስል፣ 160 ሚሊ ሰከንድ። ከሚክሰሩ ወደ ትልቁ ስክሪን ለመድረስ ደግሞ መጠኑን የሚያስተካክል ሌላ ዕቃ አለ፤ እሱም ሁለት ምስል በላ። ስክሪኑ ላይ ጋሼ 240 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ ሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ዘግይቶ ነበር የሚታየው። ድምፁስ? ድምፁ ከማይክራፎኑ በቀጥታ ገመድ ወደ ድምፅ ማጉያ ሄዷል፤ ማንም አልያዘውም።

«የሰከንድ ሩብ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። አሰላ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ግን አያምርም። ከዚሁ የወጣው ኃይሌ ገብረሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት የነጠቀው በስንት ነበር? በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፤ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ 90 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ሁለት የቴሌቪዥን ምስል ከሩብ። ያ ሩጫ በእኛ ድንኳን ቢሆን ኖሮ የኃይሌ ደረት መስመሩን ሲነካ በስክሪኑ ላይ ሳይታይ ቴርጋትም ገብቶ አልፏል። ለነገሩ የሩጫ ዳኞችም እንዲህ ያለውን ጥብቅ አገባብ በተራ የቴሌቪዥን ምስል አይፈርዱም፤ መስመሩን ብቻ የሚቃኝ፣ እጅግ ፈጣን የሆነ የራሱ ካሜራ አለው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ጆሮ በዕድሜ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፣ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ»። ሰውየው መናገሩ ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። «ትሰማለች፣ ግን አትመልስም» እያላችሁ አያቶችን የምትወቅሱ ልብ በሉ። ጆሮው የከበደ ሰው ማንም ሳያስተምረው የጎደለውን በዓይኑ መሙላት ይለምዳል። «ፈራ» እና «ሠራ» ለደከመ ጆሮ አንድ ናቸው። ከንፈር ላይ ግን አይመሳሰሉም፤ «ፈ» ስንል የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። በተቃራኒው «በላ» እና «መላ» ለዓይን አንድ ናቸው፣ እነሱን የሚለያቸው ጆሮ ነው። ዓይንና ጆሮ እንዲህ እየተበዳደሩ ነው አሮጊቷ ምርቃት የምትሰማው። ጤነኛ ጆሮ ያለንም ብንሆን ይህንን እናደርጋለን። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» በሚል አፍ ላይ ቢለጥፉበት ብዙ ሰው «ዳ» ሰማሁ አለ። አፍም ድምፅም ያላሉትን ሦስተኛ ነገር ማለት ነው።

እትዬ «አፉ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ» ያለችው ይህንኑ ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው ያላየውን ጉድለት ያየችው እሷ ነበረች፤ እኔ ደግሞ በሽተኛ አልኳት።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ስለዚሁ ጉዳይ መመሪያ አውጥቷል። ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ተመልካች ማስተዋል ይጀምራል፣ 90 ሲያልፍ አይቀበለውም። ድምፅ ወደ ኋላ ሲቀር ግን ሰው ይታገሣል፤ እስከ 125 ድረስ አያስተውልም፣ እስከ 185 ይችለዋል። የጎረምሳውን ቁጥሮች ከዚህ ጋር አስተያዩአቸው። የሙሽሮቹ 40 ነው፣ ማንም አላየውም። የጋሼ 160 ነው።

ቀድሞ ለሚመጣ ድምፅ ለምን እንዲህ እንጨክናለን? ለዚህ የአርሲ ደጋ ልጅ መልስ አያጣም። ማዶ ተረተር ላይ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስታዩ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው «ቋ» የሚለው የሚደርሳችሁ። ክረምት ላይ ጭላሎ አናት ላይ ብልጭ ሲል እንቆጥራለን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሦስት ስንቆጥር ነጎድጓዱ ቢመጣ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነውና የሚሄደው። በተፈጥሮ ድምፅ ከብርሃን ዘግይቶ እንጂ ቀድሞ መጥቶ አያውቅም። ከመብረቁ የቀደመ ነጎድጓድ ማንም አልሰማም፤ አእምሯችንም አልለመደውም። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ደረት ላይ የልብ ምት እያዳመጣችሁ አንጓ ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ፣ ትርታው ከልቡ ድምፅ ለጥቂት ዘግይቶ ነው የሚመታው። ቀድሞ ቢመታ እንደነግጣለን።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ጎረምሳው የነገረኝን ስሰማ ሳቅሁ፤ የዘገየውን ማፍጠን አይቻልም። የሚቻለው የቀደመውን ማስጠበቅ ብቻ ነው። በገመድ ያሉትን ሁለት ካሜራዎች በሚክሰሩ ውስጥ ሦስት ሦስት ምስል ያቆያቸዋል፤ ያኔ ሦስቱም እኩል አራት ምስል የዘገዩ ይሆናሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል አፍ አይዛነፍም። ከዚያ ለሚቀዳውና በስልክ በቀጥታ ለሚተላለፈው ድምፁንም 160 ሚሊ ሰከንድ ያስቆመዋል። ይህን ሁሉ በዚያን ምሽት ሚክሰሩ ላይ በሁለት ደቂቃ ሊሠራው ይችል ነበር። አልሞከረውም፤ ካሜራዎቹን ሰክቶ ብርሃኑን አይቶ እራት ሊበላ ሄደ። ራሱ ነው የነገረኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ለሚጮኸው ድምፅ ማጉያ ግን ይህ አይሆንም። ተናጋሪው የራሱን ድምፅ በ200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ዘግይቶ ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፣ ጤነኛውን ሰው መንተባተብ ያስይዘዋል። እናም ለስክሪኑ ያለው መላ መንገዱን ማሳጠር ነው፤ መራቂ ወደሚቆምበት ቦታ የገመድ ካሜራ ማድረግ፣ በካሜራና በስክሪን መካከል የሚደረደሩትን መቀየሪያ ዕቃዎች መቀነስ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት የምስል መጠን እንዲሠሩ ማድረግ። አየሩም ራሱ ያግዛል፤ አርባ ሜትር ርቀው ለተቀመጡት፣ ከፊት ካለው ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ድምፅ 118 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። በእኛ ድንኳን ግን ለአሮጊቶቹ ተብሎ አጠገባቸው ሌላ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ስለነበር ይኸው እርዳታ ቀረ። አዝነንላቸው ባሰባቸው።

የእኔ ምክር ከዚህም ያነሰ ነው። ጆሯቸው የከበደ አያቶችን ፊት ለፊት አስቀምጧቸው፣ መራቂው ፊቱን ወደ እነሱ ያዙር፣ ፊቱ ላይ ብርሃን ይኑር፣ ማይክራፎኑ አፉን አይሸፍን። ምድጃውን እነሱ ወዳሉበት አምጡት። ለካሜራ ሰዎች ደግሞ ቀብድ ስትከፍሉ አንድ ነገር አስገቡ፤ እንግዳ ሳይመጣ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ካሜራ ፊት ቆሞ እጁን ያጨብጭብ። መዳፎቹ ሲገናኙና «ጧ» ሲል አንድ ላይ ነው? ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ከሰርጉ ሳልወጣ፣ ውጭ አገር ላሉት በስልክ በቀጥታ የተላለፈው ሌላ ዓይነት መዘግየት ነበረው። ዋሽንግተን ያለው የእትዬ ልጅ በሌላ ስልክ ደውሎ «ቀለበቱ መቼ ነው?» ይላል፤ እኛ አጥልቀን ጨርሰናል። የሚስቱ እልልታ የመጣው ሰዉ ቁጭ ብሎ መብላት ሲጀምር ነው። ይህ ብዙ ሰከንድ የሚዘገየው ምስሉ በየመንገዱ እየተጠራቀመ ስለሚላክ ነው። ቢሆንም ድምፅና ምስል በአንድ ተጠቅልለው ስለሚሄዱ፣ ሲነሱ ከገጠሙ ሲደርሱም ይገጥማሉ። ከእኛ ዘገዩ እንጂ እርስ በርስ አልተዘገያዩም። በቪዲዮ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ስታወሩም ይህ አለ። አንድ ጉዞው ከ150 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ ንግግር መጋጨት ይጀምራል፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ትናገራላችሁ፣ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ዝም ትላላችሁ። ሕፃኑ አቋረጠኝ፣ ልጁ ስድ ሆነ አትበሉ። ጥያቄ ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ ሁለት ቁጠሩ።

የቤት ቴሌቪዥን ላይም አፍና ድምፅ የሚዛነፍባችሁ ካላችሁ ማስተካከያው ውስጥ ግቡና የድምፅ ማዘግያ ፈልጉ፤ በብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች አለ። ድምፁ ከቀደመ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ የዜና አንባቢ ከንፈር እያያችሁ አስተካክሉ። ድምፁ የሚዘገየው ከሆነ ግን አይሠራም። ያኔ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በብሉቱዝ የተያያዘ ድምፅ ማጉያ ነው፣ በገመድ ቀይሩት።

ጎረምሳው ያን ቀን የጋሼን ምርቃት ላፕቶፑ ላይ ከፈተ። መዘግየቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማስተካከሉ ከባድ አልነበረም፤ ጋሼ የሚታይባቸውን ቦታዎች መርጦ ድምፁን አራት ምስል ወደ ኋላ ገፋው። «ባ» ሲል ከንፈሩ ገጠመ። ለሥራው አልከፈልኩትም፣ አልተቀበለኝም።

ማታ ለእትዬ ከፈትንላት። ልጇም ነበረች። ወንበሯን አስጠጋን፣ መብራቱን ቀነስን። ጋሼ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ መረቀ። እትዬ በየቦታው «አሜን» አለች፣ አንዱንም አልሳተችም። ወደ መጨረሻው ጋሼ ዘወር ብሎ ከኋላ ወዳለው ምድጃ እያየ «ያሳደገችኝን እህቴን ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የገብስ ቂጣዋን ለእኔ ቆርሳ ጾሟን ታድር ነበር» ይላል። ይህን እኔ በሰርጉ ዕለት ሰምቼዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁም።

እትዬ እጇን አነሣች። ልጇ ቪዲዮውን አቆመችው።

«ይህን ያን ዕለት ነው ያለው?»

«አዎ እትዬ፣ ያን ዕለት ነው።»

«እኔ እዚያው ተቀምጬ?»

«እዚያው ተቀምጠሽ።»

ጥቂት ዝም አለች። «እና አንቺ ሰምተሽ ምነው ሳትነግሪኝ?» አለችኝ።

የሰማች መስሎኝ ነበር። ልጇ ወደ መጀመሪያው መለሰችው።